ቻይንኛን መነሻ አድርጌ ስለምሠራው ቋንቋ

ቋንቋው ከንሌ ይባላል። የሚናገሩት እኔና የእኅቴ ልጅ ነን። አጎቴ መሪጌታው አይናገሩም፤ ይሰማሉ፣ ይፈርዳሉ። ሕዝብ ይነጋገርበታል ብዬ አይደለም የምሠራው። ቻይንኛ ለእኛ ሰው ጨርሶ የማይቀመስ፣ ከአፋችንም ከአእምሯችንም የራቀ ቋንቋ ነው ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ፤ አባባሉ ደግሞ እውነት አይደለም። የቻይንኛ ዋና ዋና አሠራሮች፣ ተበታትነውም ቢሆን፣ አማርኛ በሚናገር ሰው ቤት ውስጥ አሉ። ከንሌ እነዚያን የተበታተኑ ነገሮች ሰብስቦ በአንድ ላይ የሚያኖር ቋንቋ እንዲሆን ነው የምደክመው።

ቻይንኛን የተማርሁት ከመምህር ዘንድ ተቀምጬ አልነበረም። ዛሬ ጎንደር ማራኪ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ግን በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ግምጃ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰላምታ በፊት መቁጠርን ይማራል። በቻይንኛ ደግሞ መቁጠር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አንድ አካፋ ለማለት ቁጥሩንና ዕቃውን መጥራት አይበቃም፤ በመካከላቸው ባ የምትባል ቃል ትገባለች። ባ በእጅ ለሚጨበጥ ነገር ናት፤ ለቢላዋ፣ ለጃንጥላ፣ ለቁልፍ፣ ለወንበርም ሳይቀር ታገለግላለች። ፌሮ ብረት ረጅምና ቀጭን ስለሆነ በገን ይቆጠራል፣ ሲሚንቶ በከረጢቱ በዳይ፣ ዝርግ የሆነ ነገር በጃንግ፣ መኪና በልያንግ። ዕቃ ሲወጣና ሲገባ እየመዘገብሁ፣ ዓለምን በሌላ ወንፊት መንፋት እንደሚቻል ያየሁት ያኔ ነው። መግዛትና መሸጥ ሁለቱም ማይ እንደሚባሉ፣ የሚለያቸውም ድምፁ ዝቅ ብሎ መጀመሩ ወይም ከላይ መውደቁ ብቻ እንደሆነ የተማርሁትም እዚያው ነው። ለግምጃ ቤት ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቻይንኛ ዓይነት ቋንቋ እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሥዕል ስለሚመስለው ጽሕፈት ነው። ጥያቄው ዕድሜ ጠገብ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1605 የቻይና ሰዎች ድምፅን ሳይሆን ነገሩን ራሱን በሚገልጽ ምልክት ይጽፋሉ ብሎ ጻፈ። ሁሉም ሕዝብ በየቋንቋው የሚያነበው አንድ ጽሕፈት የመሥራት ምኞት በአውሮፓ ምሁራን ዘንድ ተዛመተ። ጆን ዊልኪንስ በ1668 የዓለምን ነገር በዓይነት በዓይነቱ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ምልክት ያወጣበትን ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝም የቻይና ጽሕፈት እጅግ ይማርከው ነበር። ይኸው ላይብኒዝ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ ሉዶልፍ ደግሞ አማርኛን ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ሰው ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ1636 ከቆረቆሯት ገና ብዙ ያልራቀች ወጣት ከተማ ነበረች። ፊደላችንና የቻይና ጽሕፈት በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሆናል ብዬ ሳስብ ልቤ ሞቅ ይላል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚነካኝ ግን ቻርልስ ብሊስ ነው። በ1897 በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችው ቸርኖቪትስ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በናዚዎች ማጎሪያ፣ በዳካውና በቡኸንቫልድ ታስሮ ወጣ፤ ተሰድዶም ሻንጋይ ደረሰ። እዚያም የሱቆችን ጽሑፍ ሲመለከት፣ ምልክቶቹን በቻይንኛ ሳይሆን በገዛ ቋንቋው እያነበበ መሆኑ ገባው። ከዚህ ተነሥቶ የፈጠረውን የምልክት ጽሕፈት በ1949 አውስትራሊያ ሆኖ አሳተመ። ለዓመታት ሰሚ አላገኘም። በ1971 ግን በካናዳ ቶሮንቶ፣ በአንደበታቸው መናገር የማይችሉ ልጆችን የሚያስተምሩ ሰዎች አገኙት፤ ልጆቹም ምልክቶቹን እያመለከቱ ሐሳባቸውን መግለጽ ቻሉ። አንድ ሰው ለዓለም ሰላም ብሎ የሠራው ነገር ዝምታ ውስጥ ለነበረ ልጅ አንደበት ሲሆን ከዚህ የሚበልጥ ዋጋ የለም። ብሊስ ግን መምህራኑ ለልጆቹ እንዲመች ብለው ምልክቶቹን ሲያሻሽሉ ተቆጣ፣ ለረጅም ጊዜም ተጣላቸው። ይህን ታሪክ ለእኅቴ ልጅ ነግሬአታለሁ፤ ከንሌን እንዳሻት እንድትለውጠው ፈቃድ የሰጠኋት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የምልክት ጽሕፈት አልሠራሁም። ምክንያቱም እነዚያ አውሮፓውያን ያደነቁት ነገር ቻይናውያን ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። ከቻይና የጽሕፈት ምልክቶች ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡት አንዱ ክፍላቸው ትርጉምን፣ ሌላው ክፍላቸው ድምፅን የሚጠቁሙ ናቸው። ሹ ሸን የተባለው ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ100 ገደማ 9,353 ምልክቶችን በ540 ራሶች ሥር ሲመድብ፣ ድምፅ ጠቋሚውን ክፍል ለይቶ አሳይቷል። ጽሕፈቱ ከአፍ ተለይቶ የሚኖር ሥዕል አይደለም፤ ከአፍ ጋር የተጋባ ነው። ከቻይንኛ የሚወሰደው መልኩ ሳይሆን አሠራሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አሠራሩን ካየን ደግሞ አንድ ምልክት አንድ ቀለም ነው፣ ማለት ከአፍ በአንድ ጊዜ የሚወጣ አንድ የቃል ክፍል፤ የእኛ ፊደልም እንዲሁ። ላቲን ሁለት ሦስት ፊደል ደርድሮ የሚጽፈውን ቀለም እኛ በአንድ ፊደል እንጨርሰዋለን። ቻይንኛን በእንዲህ ዓይነት ጽሕፈት መጻፍ እንደሚቻል ደግሞ በቻይና የሁናን ክፍለ ሀገር ገበሬ ሴቶች ከእኔ በፊት አሳይተዋል። ጂያንግዮንግ በሚባል ወረዳ፣ ወንዶች የሚማሩት ጽሕፈት ያልተፈቀደላቸው ሴቶች ኑሹ የተባለ የራሳቸው ጽሕፈት ነበራቸው። ምልክቶቹ ጥቂት መቶዎች ሲሆኑ የሚወክሉትም ቀለምን ነው። ሴቶቹ ለምታገባ ጓደኛቸው በጨርቅ የተለበጠ መጽሐፍ ይጽፉ ነበር፣ በጥልፍም ላይ ያሰፍሩት ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ ጽሕፈት ከኖሩት ሴቶች የመጨረሻዋ የሚባሉት ያንግ ኹዋንዪ በ2004 አረፉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የጥልፍ ሥራ ይዤ ነበር፤ መርፌውን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ከንሌ 18 ተነባቢ አለው። በሰባቱ የፊደል ቤቶች ሲባዛ 126 ይሆናል። ቀለሙ በን ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ እጥፍ፣ 252። አራት ዜማ፣ ማለት እንደ ማይ ቃልን ከቃል የሚለይ የድምፅ መውጣትና መውረድ፣ ሲጨመርበት 1,008። የቤጂንጉ ቻይንኛ ዜማው ሲቆጠር ያሉት ቀለሞች ወደ 1,300 ይጠጋሉ፤ የእኔው ከዚያ ብዙም አያንስም። ቻይንኛ ትንፋሽ ባለውና በሌለው ድምፅ የሚለየውን እኔ በተ እና በጠ፣ በከ እና በቀ፣ በቸ እና በጨ ለየሁት። ይህን ልዩነት አፋችን ከጡት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ለምን ሌላ እንለምዳለን?

ዜማው ግን ብዙ አከራከረን። ጃው ዩወን ረን የተባለው ቻይናዊ ሊቅ በ1930 የንግግርን ዜማ በአምስት እርከን ከፍሎ በቁጥር የሚጽፍበትን ዘዴ አወጣ። ቀጥ ያለው ከፍ ያለ ዜማ 55 ነው፣ የሚወጣው 35፣ ጎንበስ ብሎ የሚነሣው 214፣ የሚወድቀው 51። ይህ ሊቅ የቋንቋ ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ዜማ ደራሲም ነበር፤ ጆሮው ይህን መስማቱ አያስደንቅም። እኔም ይህን ሳነብ መጀመሪያ የታወሰኝ የአጎቴ ድጓ ነው። በፊደሎቹ ራስ ላይ የሚያንዣብቡት ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ ሊነግሩ የተቀመጡ ናቸው። ድምፅ ሲወድቅ ድፋት፣ ሲነሣ ቅናት፣ ከታች ሲሆን ደረት፣ ሲጸና ይዘት ብዬ አራቱን መርጬ ወደ አጎቴ ሄድሁ።

አጎቴ ድጓ የዘለቁ፣ አቋቋምን በጎንደር በአታ የተማሩ ሰው ናቸው። ቤተ ዘመዱ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ። ወረቀቴን በጥሞና አዩና፣ «ልጄ፣ እነዚህ እኮ የሕማሙ መታሰቢያ ናቸው» አሉኝ። በትውፊቱ እያንዳንዱ ምልክት ከጌታ ሕማም አንዱን ያስታውሳል። «በእነዚህ ላይ የአካፋና የሲሚንቶ ወሬ ልትጽፊ ነው?»

«የኔታ፣ ምልክቶቹን እኮ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ያደራጇቸው ይባላል» አልኋቸው። «ሰው ሲጨምርባቸው የኖሩ ናቸው።»

«ጨመሩ፤ ለምስጋና ጨመሩ» አሉ። ከዚያ በላይ አልተከራከርሁም፤ ልክ ናቸውና። የማንም እጅ ያልነካው ብራና ሞልቶ ሳለ በተቀደሰው ላይ መጻፍ አያስፈልግም። ቀጥለው ያደረጉት ነገር ግን ቋንቋውን አቀናው። አራቱን ድምፅ ደጋግሜ እንዳሰማቸው ጠየቁኝ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ እያደረጉ ሰሙና ስም አወጡላቸው፦ ቀጥ፣ ሽቅብ፣ ረባዳ፣ ቁልቁል። ዛሬ ከንሌ የሚጻፈው በእነዚህ አራት ዜማዎች ነው። ለቀጥ ከፊደሉ ላይ አግድም መስመር፣ ለሽቅብ የሚወጣ፣ ለቁልቁል የሚወርድ፣ ለረባዳ ከፊደሉ ሥር አንድ ነጥብ። እዚህ በኮምፒውተር ስጽፍ እንዲመቸኝ በቁጥር እተካቸዋለሁ፤ ከቀጥ እስከ ቁልቁል፣ በቅደም ተከተል ከ1 እስከ 4።

ዜማን ጨርሶ አለመጻፍም ይቻል ነበር። በኪርጊዝስታንና በካዛክስታን የሚኖሩት ዱንጋኖች የሚናገሩት የቻይንኛ ዘር ነው፤ የሚጽፉት ግን በሩሲያ ዓይነት ፊደል ነው፣ በተለመደው ጽሑፍም ዜማውን አያመለክቱም። ጋዜጣ ያነባሉ፣ ግጥም ይጽፋሉ፣ አይቸገሩም። እኛም አማርኛ ስንጽፍ የሚጠብቀውን ከሚላላው አንለይም፣ ግን ማንም ሲያነብ አይሰናከልም። ዱንጋኑም እኛም ቋንቋውን ከእናታችን ስለሰማነው ነው። ከንሌን ከእናቱ የሰማ ሰው የለም፤ ስለዚህ ጽሑፉ የእናትንም ሥራ መሥራት አለበት።

ወደ ግሡ ልለፍ፤ እኔን የበለጠ የሚያስደስተኝ እሱ ነው። አማርኛ ግሡን እንደ ሊጥ ያሸዋል። ማን እንደሠራው፣ ለማን እንደሠራው፣ አሉታውንም ጾታውንም፣ ሁሉን በአንድ ቃል ውስጥ ይጠቀልላል፤ አልመጣችላቸውም ስንል አንድ ሙሉ ታሪክ ተናግረናል። ቻይንኛ ግን ግሡን አይነካውም። መምጣት ላይ ነው፤ እኔም ብመጣ፣ እነሱም ትናንት መጥተው ቢሆን፣ ላይ ያው ላይ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ባዕድ ነገር ይመስለዋል። ዝም፣ ቁጭ፣ ብድግ፣ ጸጥ፣ ዘወር የሚሉትን ቃላት ግን ልብ በሉ። ዝም አለ፣ ዝም አለች፣ ዝም በሉ፤ የሚለዋወጠው ማለት የሚለው ግሥ ነው እንጂ ዝም ከቦታው አይነቃነቅም። አማርኛ እነዚህን ቃላት በብዛት ይፈጥራል፣ በየቀኑም ይጠቀምባቸዋል። ከንሌን የሠራሁት ከዚያ ተከታይ ግሥ አላቅቄ ነው፤ ቋንቋው ሁሉ በእነ ዝምና በእነ ቁጭ ዓይነት ቃላት ቢቆም ምን ይመስላል ብዬ።

ሌላም አለ። ቻይንኛ ከግሥ ቀጥሎ ጉዎ የምትል ቃል ያስገባል፤ ነገሩ በሰውየው ሕይወት ውስጥ አጋጥሞት እንደሚያውቅ ትናገራለች። ይህ ለብዙ የውጭ ተማሪ እንግዳ ነው። ለእኛ ግን ሄጄ አውቃለሁ፣ በልቼ አውቃለሁ ማለት ነው፣ አለቀ። በከንሌ ሥራዋን ራ1 ትሠራዋለች። ሄ1 ሚ4 ራ1 ፌ2 ቱን4 ማለት፣ እኔ፣ ማየት፣ ራ1፣ ድንጋይ፣ ቤት ነው፤ ግንቡን አይቼ አውቃለሁ። ድንጋይና ቤት ተጋብተው ግንብ መሆናቸው ራሱ የቻይንኛ ልማድ ነው፤ እነሱም ባቡርን የእሳት ሠረገላ፣ ኮምፒውተርን የኤሌክትሪክ አንጎል ብለው ሰይመዋል። ገላጩ ከተገላጩ በፊት መምጣቱም የጋራችን ነው፤ የመጣው ሰው እንደምንል እነሱም መምጣትን አስቀድመው ሰውን ያስከትላሉ።

አሁን ወደ ግምጃ ቤቱ ትምህርት። አማርኛም የመቁጠሪያ ቃላት አሉት፤ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ጥማድ በሬ፣ አንድ ዘለላ ወይን፣ አንድ ሉክ ወረቀት እንላለን። ጥቂት ናቸው እንጂ መንገዱ አለ። ለከንሌ ሳስብ ቻይንኛ በአብዛኛው የሚመድብበትን ቅርጽ፣ ረጅምና ዝርግ እያሉ መለየትን፣ መድገም አልወደድሁም። የወሰድሁት የ«ባ»ን ሐሳብ ነው፤ እጅ ነገሩን እንዴት ይይዘዋል የሚለውን። ቅዳሜ ገበያ ቆሜ የሚመጣውን ሰው ስመለከት አንድ ነገር ታየኝ፤ በዚህ አገር ዕቃ የሚታወቀው በአሸካከሙ ነው። ስለዚህ በከንሌ ነገር ሁሉ የሚቆጠረው እንዴት እንደሚጓዝ በሚናገር ቃል ነው። በጀርባ የሚታዘል ዙ4፦ እንስራ፣ የማገዶ እንጨት፣ ሕፃን። በእጅ የሚንጠለጠል ቄ2፦ አገልግል፣ ጀበና፣ ዶሮ። በትከሻ የሚጋደም ሃን1፦ ሞፈር፣ ዱላ፣ ጠመንጃ። በብብት የሚያዝ ሊ3፦ መጽሐፍ፣ ከበሮ፣ ነጠላ። በገዛ እግሩ ወይም በገዛ ኃይሉ የሚሄድ ያ2፦ ሰው፣ በግ፣ ወንዝ፣ ዝናብ። ከቦታው የማይነሣ ዱ4፦ ዛፍ፣ ተራራ፣ የፋሲል ግቢ።

የእኅቴ ልጅ ወዲያው ጀሪካኑን አነሣችብኝ። ባዶውን በእጅ አንጠልጥለን ወደ ቧንቧ እንሄዳለን፣ ሲሞላ ግን አዝለነው እንመለሳለን፤ ዙ4 ነው ወይስ ቄ2? መልሱ ሁለቱም ነው፤ አንድ ቄ2 ጀሪካን ካልሽ ባዶ ነው፣ አንድ ዙ4 ጀሪካን ካልሽ ሙሉ ነው። ሙሉ የሚል ቃል ሳንጠቀም ሙላቱን ተናገርን። ቻይንኛም ይህን ያደርጋል፤ አንዱን ሰው በተራው ቃል ሲቆጥሩት ሰው ብቻ ነው፣ ዌይ ብለው ሲቆጥሩት ግን የተከበረ ሰው ይሆናል።

ይህች ዌይ ሌላ ችግር ፈታችልኝ። አማርኛ አክብሮቱን በአብዛኛው የሚያኖረው ግሡ ውስጥ ነው፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ መጡ። ግሡ የማይለወጥ ከሆነ ለአጎቴ የሚገባው ክብር የት ይቀመጣል? ክብር የሌለበት ቋንቋ በቤታችን ሊነገር አይችልም፤ እኔም አልፈቅድም። በአሸካከሙ ሥርዓት ውስጥ ገባ፦ በቅሎ የሚቀርብለት፣ ሞ2። አንድ ያ2 ሰው በእግሩ የመጣ ማንኛውም ሰው ነው፤ አንድ ሞ2 ሰው ደግሞ አንቱ የሚባል። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ግን በማግስቱ ራሳቸው፣ «የሰበካው ሊቀ መንበር ሞ2 ነው ወይስ ያ2?» ብለው ጠየቁ። ሞ2 ናቸው አልኋቸው።

በቅርቡ ቅኔ ሞከርሁ። ሰምና ወርቅ ያለ መንታ ቃል አይሆንም፤ ቀለሙ ጥቂት የሆነ ቋንቋ ደግሞ በመንታ ቃላት የተሞላ ነው። ቻይናውያን ይህን በሚገባ ይጠቀሙበታል። በዘመን መለወጫቸው በረከት የሚለውን ምልክት በሩ ላይ ዘቅዝቀው የሚሰቅሉት መዘቅዘቅና መድረስ ሁለቱም በቁልቁል ዜማ ዳው ስለሚባሉ ነው፤ የተዘቀዘቀው በረከት የደረሰ በረከት ይሆናል። ይህ ሰምና ወርቅ ካልሆነ ምንድን ነው? በከንሌ ሌ1 ዝናብም መምህርም ነው። ከንሌ የሚለው ስምም ከአፍና ከዚህ ቃል የተሠራ ነው። በጉባኤ ቃና ልክ ሁለት ቤት ጻፍሁ፦

ሌ1 ቦ4 ዳ2፣
ፌ3 ከን2 ዳ3።

ሰሙ፣ ዝናቡ አልደረሰም፣ የልጁ አፍ ደረቀ። ወርቁ፣ መምህሩ አልደረሰም፣ የልጁ አፍ ትምህርት አጣ። አጎቴ ወርቁን ተቀበሉት። ቤቱ ላይ ግን ቆሙ። ሁለቱም በዳ ያልቃሉ፣ አንዱ ሽቅብ ነው፣ አንዱ ረባዳ። «ፊደሉ ገጥሟል፣ ዜማው አልገጠመም፤ ቤት መታ ልበል ወይስ አልመታም?» አሉ። በቻይና የታንግ ዘመን ባለቅኔዎችም ይህን ጥያቄ ያውቁታል፤ በእነሱ ደንብ ቤት የሚመታው በደንበኛው ስልት ቀጥ በሚለው ዜማ ነበር፣ በስንኙም ውስጥ ቀጥ ያለውና ያልቀናው ዜማ እየተፈራረቀ መሄድ ነበረበት። እኔ ፊደሉ ይበቃል ወደ ማለት አዘንብዬ ነበር፤ የግዕዝ ቅኔም የሚጠይቀው ፊደሉን ነውና። የእኅቴ ልጅ ግን በዜማው ካልገጠመ ለጆሮዋ እንደማይገጥም ተናገረች፤ ከልጅነቷ ጀምራ የምትናገረው እሷ ብቻ ስለሆነች ፍርዱን ለእሷ ተውን። ከዚህ በኋላ በከንሌ ቤት የሚመታው ፊደልም ዜማም ሲገጥም ነው። ሁለተኛውን ስንኝ በዳ2 የሚያልቅ አድርጌ እንደገና እየጻፍሁት ነው፤ ሽቅብ ከሚሉት የዳ ቃላት ውስጥ እስካሁን የተመቸኝ መክፈት የሚለው ነው።